በዘንገና ጭጋግ ሰላም ያለችን ቮልስ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ቁጭ ብዬ የማዳምጥ ሰው አይደለሁም፣ እገሌ ቤት በር ሳይነካ ተከፈተ፣ እገሊት ወንዝ ዳር ነጭ ለብሶ የቆመ አየች ሲባል አማትቤ ወደ ሥራዬ ነው የምሄደው። የማምነው በእግዚአብሔር ነው፣ እሱ ደግሞ ሰውን ለማስደንገጥ ብሎ የሚሠራው ነገር የለም ብዬ ነው የኖርኩት፣ አሁንም የምለው ይህንኑ ነው። ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ባለቤቴም አብሮኝ አይቷል፣ እሱ ባያይ ኖሮ እመኑኝ፣ ጭንቀት የፈጠረብኝ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

የምንኖረው ጥሊሊ ነው። ባለቤቴ ስንሻው ወፍጮ ቤት አለው፣ ከወፍጮው ሌላ ደግሞ አንዲት ቮልስ አለችው፣ እኔን ከሁለቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ያስቀመጥከኝ እያልኩ እቀልድበታለሁ። ዳንግላ ካሉ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የገዛት ናት፣ ክሬም ቀለም፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚያንስ አይመስለኝም። የፊት ኮፈኗ አልገጥም ብሎ በሰማያዊ ገመድ ታስሯል፣ አንደኛው መብራቷ ሲሰበር የሞተር ሳይክል አምፖል ገብቶለት ቢጫ ሆኗል፣ የጭስ ማውጫዋ በሽቦ ስለታሰረ ስትሄድ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ክላክሷም ዝናብ ገብቶበት ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው የሚጮኸው። የሰፈሩ ልጆች ገና ሳትታይ በድምጿ ያውቋትና «የጋሽ ስንሻው ሳል መጣ» ይላሉ፣ እሱም ይሰማል፣ ይስቃል። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ቮልስ የሚነዱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ሳይባባሉ አይተላለፉም፣ ይህን ያወቅኩት ስንሻው መኪናዋን ከገዛ በኋላ ነው። ከሩቅ ሲተያዩ መብራታቸውን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋሉ፣ ሲቀራረቡ ከመሪው ላይ ሁለት ጣት ያነሳሉ፣ ደስ ካላቸው ክላክስ ይጨምሩበታል። አይተዋወቁም እኮ፣ መኪናቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ነው። ማታ እራት ላይ ያገኛቸውን ሁሉ ይነግረኛል፣ የቡሬዋን አረንጓዴ አገኘኋት፣ የጫግኒው ነጋዴ የአቶ ሰይድ ሰማያዊ እስከ ጣሪያዋ ተጭና አለፈች፣ የዳንግላዋ ቀይ ዛሬ ታጥባለች ይለኛል። የባለቤቶቹን ስም ግን ብጠይቀው ከአቶ ሰይድ በቀር አያውቅም፣ ስም ምን ያደርጋል፣ ሰላም ካለኝ አይበቃም ወይ ይላል። አንድ ቀን ዝንብ ሲያባርር አንዱን ሳይመልስለት አለፈና ነገሩ አላስችል ብሎት፣ መኪናዋን አዙሮ ሰውየውን ተከትሎ ደርሶበት፣ ሰላም ብሎት ተመለሰ። በእኛ መንገድ የሚመላለሱትን ቮልሶች በሙሉ በቀለማቸው ያውቃቸዋል። ክሬም የእኛ ብቻ ናት።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ ነው። ትልቋ ልጄ ማስተዋል የመጀመሪያ ልጇን እኔ ዘንድ ልትወልድ መጥታ ነበር፣ ባሏ ጫግኒ ነው የሚሠራው፣ ምጥ ሲጀምራት ልንደውልለት ብንሞክር ኔትወርኩ እምቢ አለን። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እዚያ ያለችው አዋላጅ ነርስ ጥሩ ልጅ ናት፣ የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ቀትር ሲያልፍ ግን ወደ ጎን ጠራችኝና ፅንሱ ተጋድሟል፣ እንጅባራ ሆስፒታል ደርሳ በኦፕራሲዮን ካልወለደች ሁለቱም አይተርፉም አለችኝ። አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ወጥቷል፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ስንሻው ወጥቶ ሄደ፣ ትንሽ ቆይቶ የቮልሷን ሳል ሰማሁ።

ማስተዋልን ከኋላ መቀመጫ ላይ አጋደምናት። ቦታው ጠባብ ነው፣ እኔ ከጎኗ ልቀመጥ አልቻልኩም፣ ከፊት ሆኜ ወደ ኋላ ዞሬ እጇን ያዝኩ። ስንሻው ሲጨንቀው የሚያወራው በእናቱ ቋንቋ በአገውኛ ነው፣ ልጁን በአገውኛ እያባበለ መንዳት ጀመረ፣ እሷም መጀመሪያ ላይ አቤት አቤት ትለው ነበር፣ በኋላ ዝም አለች።

ዘንገና ሐይቅ ስንቃረብ ጭጋግ ወረደብን። እዚያ በክረምት የተለመደ ነው፣ ከሐይቁ በኩል ተነሥቶ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ያን ቀን ግን ከኮፈኗ ገመድ ወዲያ ምንም አይታይም ነበር። ስንሻው ዝግ አለ፣ እኔ ፍጠን እላለሁ፣ እሱ አያሳይም ይላል። የልጄ እጅ ቀዝቅዞብኛል። ሰው ምንም ማድረግ ሳይችል ሲቀር እንዴት እንደሚሆን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፣ መኪናዋን ልገፋት አልችል፣ ምጧን ልቀበላት አልችል፣ ጭጋጉን በእጄ ልገፍፈው አልችል፣ እመቤቴ ማርያም አንቺ ታውቂዋለሽ እያልኩ እጇን ማሸት ብቻ ነበር ሥራዬ።

በዚህ መሐል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መቼም የእኛው ነው ብዬ ተውኩት፣ ግን የእኛው ሁልጊዜ የሚሰማው ከኋላ ነው፣ ይሄ ከፊት ለፊት ነበር የሚመጣው። ዞር ስል ከጭጋጉ ውስጥ ሁለት መብራት ወጣ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ።

«ቮልስ ናት» አለ ስንሻው። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ እንኳ ፊቱ ሲፈካ አየሁት፣ ወዲያው መብራቱን ሁለት ጊዜ መለሰላትና ጣቶቹን አነሳ።

«ተው አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «ልጄ እየሞተችብኝ ሰላምታ?»

«እጄን አነሳሁ እንጂ መች ቆምኩ» አለኝ።

መኪናዋ ቀስ ብላ በአጠገባችን አለፈች። ክሬም ነበረች፣ ኮፈኗ በሰማያዊ ገመድ ታስሯል። ከሾፌሩ ጎን ነጠላ የተከናነበች ሴት ተቀምጣለች፣ ፊቷን መስታወቱ ላይ የሚወርደው ውኃ ሸፍኖብኛል፣ እቅፏ ውስጥ ግን በነጭ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አየሁ። ሴትዮዋ እኔን ስታይ ያን የተጠቀለለውን ነገር ከፍ አደረገችው፣ አፏም ተከፈተ፣ የምታለቅስ መሰለኝ። ከኋላ መቀመጫው ላይ ማንም አይታይም። ይኸው ነው ያየሁት፣ ከዚያ ጭጋጉ ዋጣት።

«ክሬም ናት፣ አየሽልኝ?» ይላል ስንሻው፣ «ገመዱን ሳይቀር እንደኔ ነው ያሰረው። ለመንገዳችን አዲስ ሰው መጣ፣ አንድ ቀን አስቁሜ ማነጋገር አለብኝ።» ልጁ እንዳትፈራ ብሎ ነው መሰለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ከሆስፒታል በኩል የምትመጣ ሴት፣ በነጭ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር፣ የተከፈተ አፍ፣ ከኋላ ባዶ መቀመጫ። ይህን አይታችሁ ሌላ ምን ታስባላችሁ? ሕፃኑን ገንዘው፣ እናቱን እዚያው ትተው የሚመለሱ ናቸው ብዬ አሰብኩ። የልጄን እጅ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ወደ እንጅባራ ስንቃረብ፣ ከመንገዱ ዳር የቀርከሃ አጥሮች መታየት ሲጀምሩ፣ ጭጋጉ ሳሳ አለ። ያን ጊዜ ያው ቀጭ ቀጭ እንደገና መጣ። እንደገና ከፊት። እንደገና አንድ ነጭ መብራትና አንድ ቢጫ። ያለፈችን መኪና እንዴት አድርጋ ከፊታችን ትመጣለች፣ መንገዱ አንድ ነው፣ የቀደመን መኪናም የለም። ስንሻው በልማዱ ሁለት ጊዜ መብራቱን ብልጭ አደረገ፣ ጣቶቹንም አነሳ፣ መልስ ሲያጣ ክላክስ ጨመረበት።

አልመለሰችም።

አሁን መስኮቱ ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። ሾፌሩ ብቻውን ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው የሚነዳው፣ ፊቱ አልታየኝም። ሴትዮዋ የነበረችበት መቀመጫ ባዶ ነው፣ ላዩ ላይ አንድ ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። እጄ ወደ ትከሻዬ ሄደ፣ የደረብኩትን ነጠላ ጫፍ ያዝኩት። የእኔም ጥለቱ አረንጓዴ ነው።

«አልመለሰልኝም» አለ ስንሻው።

«ያቺው ናት?» አልኩት።

«ሌላ ናት። ያለፈችው እንዴት ከፊት ትመጣለች?» አለና፣ «ወንድማማቾች ይሆናሉ፣ አንድ ዓይነት የገዙ» አለ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል እስክንደርስ በአማርኛም በአገውኛም አልተናገረም።

ልጄን ተቀብለውን ወዲያው አስገቧት። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ስንሻው ቆሞ ግድግዳውን ያያል፣ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ልል እሞክራለሁ፣ ግማሹ ላይ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ፣ በመሐል ያቺ ነጭ ጥቅል ትመጣብኛለች። አምላኬ፣ ያየሁት የሚመጣውን ከሆነ ለምን አሳየኸኝ፣ ላስቀረው ለማልችለው ነገር ለምን ቀድመህ አስለቀስከኝ አልኩት። እንዲህ ብዬ አምላኬን ተናግሬው አላውቅም ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

በሩ ተከፍቶ አንዲት ወጣት ነርስ ወጣችና ማን ናት የማስተዋል እናት አለች። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ነው የነገረችኝ፣ ሴት ልጅ ናት፣ እናትየዋም ደህና ናት አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም ይመስገን። የሐኪሞቹንም የነርሶቹንም ስም አላውቅም፣ ግን በየቀኑ በጸሎቴ እነዚያ ልጆች እላቸዋለሁ፣ እሱ ያውቃቸዋል።

ማስተዋል ትንሽ ቀን ተኝታ ስታገግም ተፈቀደላትና ልንመለስ ተነሣን። ቁስሏ ቁጭ ብላ መሄድ ስለማያስችላት እንደ አመጣጧ ከኋላ አጋደምናት። ሕፃኗን በነጭ ጋቢ ጠቅልዬ ከፊት ታቀፍኳት። እውነቴን ነው፣ ስታቀፋት እንኳ ምንም አልታሰበኝም። ሰው ደስ ሲለው ይረሳል።

ዘንገና ላይ ጭጋጉ ጠበቀን።

ስንሻው እያንጎራጎረ ነበር፣ ማስተዋል አባዬ ሕፃኗን ትቀሰቅሳታለህ እያለች ትስቅበታለች። ያን ጊዜ ከፊት ለፊት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ማንጎራጎሩን አቆመ፣ እጁ ግን በልማድ ሄዶ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አድርጎት ነበር። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ነጭ፣ አንድ ቢጫ መብራት ወጣ፣ ሁለት ጊዜ መለሰልን። ክሬም፣ ሰማያዊ ገመድ። ሾፌሩ ፊቱ ፈክቶ ሁለት ጣቱን አነሳ። ከጎኑ ያለችው ሴት ወደ ኋላ ዞራ ከቆየችበት ፊቷን ወደ እኛ መለሰች፣ ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ነበር፣ ዓይኗን አየሁት። እንዲያ የፈራ ሰው ዓይን አይቼ አላውቅም።

ማን እንደሆነች አወቅኩ። ልነግራት ፈለግኩ። ሕፃኗን ከፍ አድርጌ አሳየኋት፣ «ደህና ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» ብዬ በሙሉ ኃይሌ ተናገርኩ፣ እሷ ግን ወደ ነጩ ጋቢ ብቻ ነበር የምታየው፣ የባሰ አስፈራኋት። ቁሚ ልላት አልችል፣ ወርጄ ልከተላት አልችል። አለፈች። የምታስበውን እኮ አውቀዋለሁ፣ እስከ ሆስፒታል፣ ከዚያም ኮሪደሩ ላይ መሬት እስክትቀመጥ ድረስ የምታስበውን በሙሉ አውቀዋለሁ፣ አንድ ቃል ላደርስላት ግን አልቻልኩም።

ስንሻው መኪናዋን ዳር አስይዞ ቆመ።

«አየሃት?» አልኩት።

«አየሁ» አለ።

ማስተዋል ከኋላ ሆና ምን ሆናችሁ አለችን፣ ምንም፣ መንገዱ ነው አልናት። እስከ ዛሬም አልነገርናትም።

ስንሻው በኋላ የቡሬውንም የጫግኒውንም የዳንግላውንም አስቁሞ ጠይቋቸዋል፣ ሌላ ክሬም ቮልስ አይተው አያውቁም። አቶ ሰይድ ስቆበት፣ መስታወት ፊት ነድተህ እንዳይሆን አለው አሉ። እኔ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው፣ ሰሙኝና ልጅሽ ተርፋለች፣ አመስግኚ አሉኝ። አመሰግናለሁ። ግን እናንተ እንደ እኔ ብትሆኑ አንድ ነገር አልፈታ አይላችሁም ወይ? ስንሄድ ያገኘናት ሁለት ጊዜ ነው፣ ስንመለስ ያገኘናት አንድ ጊዜ። ነጩን ጥቅል የታቀፈችዋ እኔ ነበርኩ፣ እሺ። ባዶው መቀመጫስ? የተጣጠፈው ነጠላስ?

ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ፣ ስንሻው መኪናዋን ባወጣት ቁጥር አብሬው መሄድ ጀመርኩ። መቀመጫው ባዶ ካልሆነ ያ ነገር አይመጣም ብዬ ነው፣ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ገበያ ሲሄድ እኔ አለሁ፣ ናፍጣ ሊያመጣ ሲሄድ እኔ አለሁ። ጎረቤቶቼ ጥሩወርቅ ረዳት ሆነች እያሉ ይስቁብኛል፣ ሒሳብ አልሰበሰብሽም ወይ ይሉኛል። ስንሻው ግን አንድም ቀን ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

በዚህ ክረምት ብርቱ ጉንፋን ያዘኝ፣ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። በዚያው ሰሞን ወፍጮውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ፣ እህል ይዘው የመጡ ሰዎች ደጃፍ ላይ ሰልፍ ይዘዋል። ስንሻው ቺንጋ ሊገዛ ወደ እንጅባራ የግድ መሄድ ነበረበት። በር ላይ ቆሞ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ሚኒባስ አለ እኮ አልኩት፣ ዛሬ በዚህ ዝናብ አይገኝም አለ። ሄደ። ሳሏ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጥኩ። ነጠላዬን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አጣጥፌ እዚያው መቀመጫዬ ላይ መተዌ ትዝ ያለኝ ከሄደ በኋላ ነው። ተነሥቼ ልጮህ ብል ማን ይሰማኛል። ተኝቼ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ቺንጋውን ወፍጮ ቤት አድርሶ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ። እኔ እንደ ሁልጊዜው፣ «ማንን አገኘህ?» አልኩት።

«ማንንም» አለ።

ይህን ያህል ዓመት ከዚያ መንገድ ተመልሶ ማንንም ብሎኝ አያውቅም። እራት ቀርቦ፣ ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ።

«ጥሩወርቅ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እጄ አልነሳ አለኝ።»

ያቺን የሐምሌዋን መኪና፣ እኛን የያዘችውን እንዳገኛት ገባኝ። አንድ ዝንብ አሳስቶት ሰላምታ ሳይመልስ ያለፈውን ሰው መኪና አዙሮ የተከተለ ሰው ነው። ምን ቢያይ ነው አንገቱን ደፍቶ ያለፈው? ከዚያች መኪና የኋላ መቀመጫ ላይ የተጋደመችው ልጃችን እንደምትተርፍ ያውቅ የለም ወይ? እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት።

ይኸው ደህና ነኝ፣ ጉንፋኑም ለቆኛል፣ ማስተዋል ደህና ናት፣ ሕፃኗ ቆማ መሄድ ጀምራለች። መቀመጫው ባዶ የነበረው ለጉንፋን ከሆነ ምን ያስፈራኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ ደግሜም እላለሁ። ዛሬም አብሬው እሄዳለሁ። አሁን ግን ከሩቅ ቮልስ ስትመጣ፣ አረንጓዴዋም ትሁን ሰማያዊዋ፣ ስንሻው እንደ ድሮው ቶሎ ጣቱን አያነሳም። መጀመሪያ ዞር ብሎ እኔን ያያል፣ መኖሬን ሲያይ ነው የሚያነሳው።